በወይራ የታጠነው ስፖንጅ

አባቴ የዓሣ መስታወት መጀመሪያ ያየው ለዓይኑ ሕክምና ሐዋሳ በሄደ ጊዜ ነው። ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ጥግ ላይ ቀያይ ዓሦች ያሉበት ትልቅ መስታወት ነበር። ዓይኑ ውስጥ ጠብታ አድርገውበት ስለነበር ዓሦቹ በደንብ አልታዩትም፤ ያየው ቀይ ነገር ሲሄድና ሲመለስ ብቻ ነው። «ግን ልቤ ዝም አለልኝ» አለኝ ሲመለስ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልቡ ዝም ብሎለት አያውቅም ነበር። ነገሌ ያለው ቤታችን ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶበታል፤ ከክሊኒክ በጡረታ የወጣው አባቴና ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተመለስኩት እኔ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ሄዶ መስታወቱን ገዛ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎት መጣ። ዓሦቹ ውሃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ነበሩ። የዚያኑ ዕለት መስታወቱን በቦቴ ውሃ ሞላነው፣ ጠጠር አነጠፍንበት፣ ማጣሪያውን ሰካንና ዓሦቹን ለቀቅናቸው። አንድ በአንድ አለቁ። እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ የመጨረሻው በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘነው። አባቴ በሾርባ ማንኪያ አወጣውና ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ።

«ይሄ ቤት የሚኖር ነገር አይወድም» አለ።

ያን ቃል ወደ አፉ ልመልሰው ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር የፈለግኩት ከዚያም በላይ ነው። በዚያ መስታወት ውስጥ የሚኖር ነገር ላሳየው፣ ያንንም ከእኔ እጅ እንዳገኘው እንዲያውቅ እፈልግ ነበር። እኔ ሰው ፊት የማልናገር ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ እንኳን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው የማስተምረው። አባቴን እወድሃለሁ ብዬው አላውቅም። በውሃ ልነግረው አሰብኩ።

ዓሦቹ ለምን እንደሞቱ አነበብኩ። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። ከቆሻሻውና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። በቆየ ውሃ ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እሱን ዓሣ እስከ ተወሰነ መጠን ይችለዋል። የሚሰፍሩት ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። አዲስ መስታወት ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ስለዚህ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ውሃ እየቀለቡ እነሱን ማርባት ያስፈልጋል፤ ሳምንታት ይፈጃል።

ይህን ለአባቴ ሳስረዳው ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጀርም ስገድል ኖሬ፣ አንቺ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ ልታረቢልኝ ነው?»

«ጥሩዎቹን ነው አባዬ።»

«ሁሉም ጥሩ ነኝ ነው የሚለው» አለና ሳቅ ሊል ሲል ተወው። ግን እሺ አለኝ።

የሞቱት ዓሦች ምግብ ከነጣሳው ተርፎ ነበር። በየቀኑ ከእሱ ቆንጠር አድርጌ ባዶው ውሃ ላይ እበትናለሁ። ምግቡ ይበሰብሳል፣ ከብስባሹ አሞኒያ ይወጣል፣ ባክቴሪያዎቹ ያንን ይበላሉ። የጎረቤታችን ሴትዮ እሳት ልትጭር ስትመጣ አየችኝ።

«ማንን ነው የምታበዪው?»

የምግቡን ጣሳ ከደንኩ። አባቴ መለሰላት። «ገና ያልመጡትን።»

«በዚህ በጋ ውሃ መስታወት ውስጥ አስራችሁ ትቀልባላችሁ! ዶክተር፣ እኛንም እሰሩንና ቀልቡን እንጂ!» ከተማው አባቴን ዶክተር ነው የሚለው፤ ዶክተር ሆኖ ባያውቅም።

የውሃ መመርመሪያውን አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ትንንሽ ብልቃጦች፣ ጠብታ የሚያንጠባጥቡ ጠርሙሶችና አንድ የቀለም ካርድ ነው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ሳትገባ፣ እኔና አባቴ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን። ውሃውን በየብልቃጡ እቀዳለሁ፤ ጠብታውን እጨምራለሁ። የአሞኒያው ብልቃጥ ቢጫ ከሆነ የለም ማለት ነው፤ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ይብሳል። የናይትራይቱ የሰማይ ቀለም ከሆነ ንጹሕ ነው፤ ወይን ጠጅ ከሆነ መርዝ አለበት። ናይትሬቱ ከቢጫ ተነስቶ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ እሱ ብቅ ማለቱ ሥራው እየተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ከጠርሙሶቹ አንዷን ለአባቴ ሰጠሁት። የናይትሬቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ናት፤ ከሥሯ የሚዘቅጥ ነገር ስላላት በኃይል ካልተነቀነቀች ናይትሬት እያለ የለም ትላለች። አባቴ «የሕጻናት ሽሮፕ ስነቀንቅ ነው የሸበትኩት» እያለ ክንዱ እስኪደክም ይነቀንቃታል። ከዚያ ብልቃጦቹን ነጭ ወረቀት ላይ አስደግፌ ከካርዱ ጋር አስተያያለሁ። እሱ ቀለሞቹን መለየት አይችልም። አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ ይጠይቀኛል። «ምን አለ?»

ውሃው የተናገረውን እኔ እንድነግረው። በቀን ውስጥ ከዚያች ጥያቄ የበለጠ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን ጠርሙሷን እየነቀነቀ ሳለ ሳያየኝ ተናገረ። «ሽማግሌዎች አነጋግረውኝ ነበር። የተልተሌ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት። እዚያ ክሊኒክ ግቢ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ጌታን የምትወድ ሰው ናት ይላሉ።»

እኔ አሞኒያውን እያየሁ ነበር። አረንጓዴው እንደ ጎመን ጠቁሯል።

«እሺ አባዬ» አልኩ።

«ምን አለ?»

«ከፍ ብሏል።»

የአባቴ ሚስት ሲመጡ ከሻንጣቸው የሚበልጥ ዕቃ ይዘው መጡ። የተጠለፉ የወተት ጮጮዎች፣ ወተት መናጫ ቅልና አንድ እቅፍ የወይራ እንጨት። ቁመታቸው ረጅም ነው፣ ድምፃቸውም። ከበራችን ሆነው መንገዱን ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ «አካም! ናጋ?» ማለት ከጀመሩ ሦስት ቤት ሳይዳረስ አይቆሙም። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እኔ የማላውቀውን የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ፍየል እንደጠፋች በጥቂት ቀን ውስጥ አወቁ። እሳት ልትጭር ትመጣ የነበረችው ጎረቤት አሁን የምትመጣው ልታወራ ነው። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ አንቱ እላቸው ነበር። ሰው ሁሉ አስተዳደጌን አመሰገነ። የአክብሮት ብቻ እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ፤ አባቴን አንተ ነው የምለው።

ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ ምሳዬ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ልብሴ ታጥፏል። የአባቴ ሸሚዝ ኮሌታ ነጭ ሆኗል፤ እኔ ሳጥበው እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም። ያንን ኮሌታ ሳየው ፊቴን አዞር ነበር።

በመጀመሪያ ሰሞን ከሰዓት በኋላው የእኛ እንደሆነ ቀረ። እሳቸው ጓዳ ሆነው ይሰሙናል። ከዚያ አንድ ቀን እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡና ከአባቴ ጀርባ ቆሙ።

«እሷን ደግሞ ምን አድርጋ ነው እንዲህ የምትቀጣት?» አሉ ጠርሙሷን አይተው።

«ካልተነቀነቀች ትዋሻለች» አለ አባቴ።

«ወዲህ በላት። አንተ መናጥ የት ታውቃለህ!»

ሰጣቸው። እንደ ቀላል ነገር፣ ጨው እንደሚያቀብል ሰው። እሳቸው ጠርሙሷን በሁለት መዳፋቸው መካከል ይዘው፣ ወተት እንደሚንጥ ሰው ከወገባቸው እየተወዘወዙ፣ በዜማ ነቀነቋት። ጩክ፣ ጩክ፣ ጩክ። አባቴ ሳቀ። «ቅቤ ይወጣዋል አሁን!»

ከዚያ ቀን በኋላ ጠርሙሷ ወደ እሱ አልተመለሰችም።

ቀለሙንም ወሰዱት። ካርዱን አያዩም፤ በከብት ነው የሚያነቡት። የናይትሬቱ ብልቃጥ ወደ ቡናማ ሲሄድ አንስተው በብርሃን አዩትና፣ «ይቺማ ማጋላ ናት። አባቴ ቤት አንድ ማጋላ ላም ነበረችን፣ ቀንዷ የጎበጠ። ቁርጥ እሷን!» አሉ፤ ማጋላ የሚሉት ቀይ ቡናማ ከብትን ነው።

«እኔ ምን ዓይን አለኝ፤ አንቺ ካልሽ ማጋላ ነው» አለ አባቴ።

«ያቺኛዋስ?» አላቸው ደግሞ።

የናይትራይቱ ብልቃጥ ነበር፤ ደማቅ ወይን ጠጅ። ብዙ አዩትና በኦሮምኛ፣ «እንዲህ ያለ ላም ዋቃም አልፈጠረ!» አሉ። አባቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። የታከመውን ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ሳቀ። ያን ሳቅ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ካርዱን አስጠግቼ «የመጨረሻው ከፍታ ላይ ነው» አልኩ። አልሰሙኝም። «ምን አለ?» ያለኝም የለም።

ናይትራይቱ እዚያው ላይ ተተከለ። አሞኒያው መውረድ ጀምሯል፤ የበተንኩት ምግብ የሚያወጣው ሁሉ በማግስቱ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች መጥተዋል ማለት ነው። ሁለተኞቹ ግን ይዘገያሉ፤ ተፈጥሯቸው ነው። በየቀኑ ወይን ጠጅ። የአባቴ ሚስት መስታወቱን እያዩ «እነዚህ ልጆችሽ እርግዝናቸው የዝሆን ነው» ይሉኛል። እኔ አልስቅም። ሥራው አልቆ ዓሦቹ ሲገቡ ብቻ አባቴ ወደ እኔ የሚዞር ይመስለኝ ነበርና፣ ያንን ወይን ጠጅ እንደ ጠላት ነበር የማየው።

ከዚያ አንድ ቀን ጠብታው ወይን ጠጅ መሆን እምቢ አለ። ብልቃጡን ወረቀቱ ላይ አስደገፍኩት፤ ጠበቅኩት፤ የሰማይ ቀለም ሆኖ ቀረ። እንደገና ቀድቼ ሠራሁት። ሰማይ። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ጮሄ አላውቅም። አባቴ ከግቢ ሮጦ መጣ፤ ከእኔ የሰማውን በኦሮምኛ ለሚስቱ አቀበለ፤ እሳቸውም መጥተው አቀፉኝ። ደረታቸው የወይራ ጭስ ይሸታል። በዚያ እቅፍ ውስጥ ሆኜ በትከሻቸው ላይ አባቴን አየሁት። የሚያየው እሳቸውን ነበር።

በማግስቱ ያቤሎ ለመምህራን ሥልጠና መሄድ ነበረብኝ። ለአባቴ ደጋግሜ ነገርኩት። «አትንኩት አባዬ። ምግቡን ቆንጥረህ በትንበት፣ ሌላ ምንም። ስመለስ አንዴ እሞክረዋለሁ፤ ሰማይ ከሆነ ዓሦቹን እናስመጣለን።»

«አንነካውም» አለ።

ያቤሎ ሥልጠናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው አስተማሪ የተልተሌ ልጅ ነበረች። የማን ቤት ልጅ እንደሆንኩ ሰምታ እጄን ያዘችኝ። «የእሳቸው ልጅ ነሽ? ታድለሽ! በታመምኩ ጊዜ ወተት ያመላልሱልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።» አዎ አልኩ። ታድለሽ የሚለው ቃል እስክመለስ ድረስ ጫማዬ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አብሮኝ ሄደ።

ወደ ቤት ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ሳሎኑ የወይራ ጭስ ይሸታል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ውሃው ጠርቶ ከኋላው ያለው ግድግዳ ሁሉ ይታያል። የማጣሪያው ስፖንጅ እንደ አዲስ ነጥቶ ቦታው ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ውሃውን አሸተትኩ፤ ክሎሪን፣ ከክሎሪኑ ሥር ደግሞ ጭስ።

የአባቴ ሚስት ከጓዳ እየሳቁ ወጡ። «አየሽው? ክዳኑን ሳነሳው ሸተተኝ። ያ የሚስበው ዕቃ ጭቃ ቋጥሯል! ልጅቷ ከመንገድ ደክማ ትመለሳለች፣ ቤቷ ሸቶ ይቀበላት? አልኩ። አጠብኩት፣ በወይራ ፍም አጠንኩት፣ ፀሐይ አሰጣሁት። የወተት ዕቃ ካልታጠነ ምን ዕቃ ነው?»

ምን እንዳደረጉ አውቃለሁ። በእሳቸው አገር ለሚያከብሩት እንግዳ የሚደረገውን ነው ያደረጉት። ወተት የሚቀርብበትን ጮጮ እንደዚያ ነው የሚያጥኑት፤ ወተቱ እንዳይበላሽ፣ ሽታውም እንዲጥም። በሳምንታት ያረባሁትን ሁሉ ደግሞ ፍሙ ላይ ገድለውታል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና አባቴን ፍለጋ ወደ ግቢ ወጣሁ።

አጥሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን አላነሳም።

«አባዬ፣ አልነገርካቸውም?»

«ነግሬያት ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«ጀምሬ ነበር። ደስ ብሏት እየዘፈነች ስትሠራ…» ጢሙን አሻሸ። «ውሃውን የቀዳሁላት እኔ ነኝ።»

የእኔን ልፋት በእሳቸው ዘፈን ለወጠው።

«ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዓሦቹ ነገ ይመጣሉ። ለሚያመጣቸው የአውቶቡስ ሾፌር ደውዬለት ነበር። ውሃው ሲጠራ ጊዜ… ስትመለሺ ልናስደስትሽ ብለን።»

ልናስደስትሽ፤ ሁለት ሆነው።

ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ምንም ባልናገርስ? ዓሦቹ ነገ ይመጣሉ፣ በሚያብረቀርቀው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ እስከ እሁድ ያልቃሉ። አባቴ ማንኪያውን ይዞ ይቆማል። ያን ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ ያውቃል፤ ማንም ሳይነግረው። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። ግን ከማንኪያው ጋር ያ ቃሉ አብሮ መጣብኝ፤ ይሄ ቤት የሚኖር ነገር አይወድም። እኔም እኮ የዚያ ቤት ነኝ። ተነሳሁ።

ጠጠሩን ነክተውት እንደሆነ ልጠይቅ ጓዳ ገባሁ። ከብዷቸው ትተውታል። አንድ ተስፋ። «የድሮውን ውሃ የት ደፉት?» አልኳቸው።

የአባቴ ሚስት እጃቸውን ከሊጡ አውጥተው አዩኝ። ሲከፉብኝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ውሃ ይደፋል እንዴ?»

«ማለቴ…»

«ተልተሌ ውሃ ስትደፋ ያየኋት ያበደች ሴት ብቻ ናት። ነይ።»

ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከፓፓያው ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ በርሜሉና ጥቁሩ ሳፋ ጆንያ ለብሰዋል። በርሜሉ የመስታወቱን አሮጌ ውሃ ይዟል። ሳፋው ውስጥ ያለው ግን ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ ዘቅጧል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የስፖንጅሽ እድፍ ነዋ። በዚያው በአሮጌው ውሃ ነው ያሸሁት። ለእድፍ አዲስ ውሃ ማን ያባክናል? ለፓፓያው በጣሳ በጣሳ ላጠጣው ነው።»

ያ ጭቃ እነሱ ነበሩ። ባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ ከስፖንጁ ወጥተው ክሎሪን በሌለበት ውሃ ውስጥ፣ በጥላ፣ በጆንያው ቀዳዳ አየር እየገባላቸው ተቀምጠዋል። የእነዚህን ነገሮች መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ስፖንጅ እጠቡ ካሉ በአሮጌው ውሃ እጠቡ ይላሉ። ፍሙ ላይ የሞተው የቀረው ብቻ ነው።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ውሃውን ደፍተውት ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። አጥፍተው ቢሆን ይበቃኝ ነበር፤ አጥፍተውም አድነው መገኘታቸውን አልቻልኩትም። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ብዙ ቆየሁ። እሳቸው ከላዬ ቆመው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። ድምፃቸው ያን ጊዜ አጭር ነበር።

ነገርኳቸው። ስፖንጁ ላይ ሕይወት ያለው ነገር እንደነበረ፣ ፍሙ እንደሚገድለው፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ግን እንዳልሞተ። ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙኝ። ክፍል ውስጥ እንደዚያ አስረድቼ አላውቅም። ስጨርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሳሎን አዩ፤ ሲወለውሉት የዋሉትን መስታወት። ከዚያ ባልዲ አነሱ።

በማግስቱም ከጥዋቱ ጀምሮ ስንሠራ ዋልን። የሚያብረቀርቀውን ውሃ በጀሪካን ቀድተን ለልብስ አስቀመጥነው፤ እሱም አልተደፋም። የታጠነውን ስፖንጅ ጣልኩትና ከፍራሽ ሰፊው አዲስ ቁራጭ አምጥቼ በአሮጌው ውሃ ነከርኩት። የበርሜሉን ውሃ ወደ መስታወቱ መለስን። በመጨረሻ ሳፋውን ከነጭቃው ገለበጥነው። የጠራው መስታወት ወደ ጎርፍ ተለወጠ። የአባቴ ሚስት ያጸዱትን ነገር በእጃቸው ሲያደፈርሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየንና «ኧረ ልጄ! እዚህ ውስጥ ነው የሚገቡት?» አለ።

«ዛሬ አይገቡም አባዬ።»

ዓሦቹ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ደረሱ። ትንንሽ ናቸው፤ ጅራታቸው እንደ ሻሽ ጫፍ ይወዛወዛል። እንደ እኛ አገር ያለውን ጨው የበዛበት ውሃ የሚወዱ ዓይነት ናቸው ብዬ አስቀድሜ ለአባቴ የመረጥኩለት ናቸው። ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ባልዲ ውስጥ አሳደርናቸው። መስታወቱ ላይ ምግብ ቆንጥሬ በተንኩ።

በማግስቱ ጭቃው ጠጠሩ ላይ ዘቅጦ ውሃው ገርጥቷል። ብልቃጦቹን መስኮቱ ላይ ደረደርኩ። አባቴና ሚስቱ ከኋላዬ ቆሙ። ማንም ስለ ላም አላወራም። አሞኒያው ቢጫ ሆነ። ናይትራይቱን ስጠብቅ የራሴን ትንፋሽ እሰማ ነበር። አባቴ ትከሻዬን በጣቱ ነካ አደረገኝ።

«ምን አለ?»

«ሰማይ ነው» አልኩ።

ምግቡን እየቀነስኩ፣ በየቀኑ እየመረመርኩ ቆየሁ። አንድም አልሞተም። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ እንደ መርፌ የቀጠኑ ልጆች ጠጠሩ መካከል ታዩ፤ መጀመሪያ ያዩዋቸው የአባቴ ሚስት ናቸው። አባቴ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ አሳዩኝ እያለ፣ ባይታዩትም ሳቀ። ያን የማንኪያውን ቃል ከዚያ በኋላ አልደገመውም።

የጸሎት ቤት ሰዎች ሊጠይቁን ሲመጡ አባቴ ታሪኩን ነገራቸው። ከሐዋሳ ጀመረ። ስለሞቱት ዓሦች፣ ስለ ባዶው ውሃ ቀለብ ነገረ። ወደ ሳፋው ሲደርስ ድምፁ ሞቀ። «ባለቤቴ ውሃውን ብትደፋው ኖሮ አልቆልን ነበር። የተረፉት በእሷ እጅ ነው።» ሰዎቹ «ጌታ ይባርክሽ!» አሉ ወደ እሳቸው ዞረው። እኔ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ነበር።

«ምን ያወራል ይሄ ሰው!» አሉ የአባቴ ሚስት። «እኔ ያስቀመጥኩት ለፓፓያው ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የት አውቄ? የሰፈሩ ሰው ሲስቅባት ባዶ ውሃ ስትቀልብ የከረመችው እሷ ናት። እኔማ ልጆቿን ፍም ላይ አስቀመጥኳቸው!» ሰው ሁሉ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። አባቴም ዞረ። «እውነት ነው» አለ፣ «እሷ ናት።»

የፈለግኩት ይኸው ነበር። እሱም የመጣው በእሳቸው አፍ ነው። ፍርድ እንኳን ቀድመውኝ ፈረዱ፤ በዚህም ቀናሁባቸው። ብርጭቆዎቹን ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ ጉንጬ ይነድ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ልትደርስ ነበር። ብልቃጦቹን አወጣሁ፣ ውሃውን ቀዳሁ። ያቺን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ፣ በአባቴና በሚስቱ መካከል አስቀመጥኳትና ወረቀቱን ላስተካክል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንዳቸው አነሷት። ጩክ፣ ጩክ፣ ጩክ ስትል ሰማሁ። የማን እጅ እንደሆነ ሳልዞር አወቅኩ።

እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።